እህቴን ያተኮሳት ባናው ነው ወይስ የወገብ መርፌው?

መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር።

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በጥር ወር አዲስ አበባ ተገላገለች። ምጡ ሲበረታባት ኤፒዱራል ሰጧት፤ ወገብ ላይ በቀጭን ቱቦ የሚገባውን ማስታገሻ ማለቴ ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሕመሙ ለቀቃት። ወዲያው ግን ትንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ የሰማች እናቴ ከመሐል ሜዳ ይዛው የመጣችውን ባና አውጥታ አለበሰቻት። ሌሊት ላይ ትኩሳቷ 38.4 ደረሰ። ተረኛዋ ነርስ ባናውን አይታ እናቴ ላይ ጮኸችባት፤ በሱፍ ጠቅልለሽ ያተኮስሻት አንቺ ነሽ አለቻት። ሕፃኗ እንደተወለደች ደም ተቀዳላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከእናቷ ተለይታ አንቲባዮቲክ ወሰደች። ምርመራው ጀርም አላሳየም። አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እኔ ቤት ሆነው እያረስናት ነው። እናቴ ግን ገንፎውን እያገነፋች ታለቅሳለች። ልጅን ከእናቷ የለየሁ እኔ ነኝ ትላለች።

ጥያቄዬ፦ ኤፒዱራል የእናትን የሰውነት ሙቀት ይጨምራል ወይ? የሚጨምር ከሆነስ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ለምን አልነገሩንም?

ከዚያ ወዲህ 23 መልስ መጥቷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ለማንበብ ስለሚቸገር በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ማታ ማታ ያነበብኩላትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

መልስ 1። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማዋለጃ ክፍል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። እንኳን ማርያም ማረቻት ብላ ጀመረች። አዎ፣ ይጨምራል አለች። ኤፒዱራል ከሚወስዱ 100 እናቶች ከ15 እስከ 25 የሚሆኑት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፤ ይበልጡን የሚታየው የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱትና ምጣቸው በሚረዝምባቸው ላይ ነው። መርፌው እንደገባ አይመጣም፤ አራት አምስት ሰዓት ቆይቶ ነው ቀስ እያለ የሚወጣው። መንቀጥቀጡ ሌላ ነገር ነው፤ ከኤፒዱራል በኋላ የተለመደ ነው እንጂ ብርድ ስለመታት አይደለም። እናትሽን ሰላም በይልኝ ብላ ጨረሰች።

መልስ 2። ሐኪም ነኝ ያሉ ሰው ናቸው፤ አጻጻፋቸው ቁጣ ያዘለ ነበር። ምጥ ላይ ያለች ሴት ትኩሳቷ 38 ከደረሰ መጀመሪያ የሚታሰበው የማሕፀን ኢንፌክሽን መሆን አለበት፤ የመርፌው ነው እየተባለ አደባባይ ላይ መጻፉ ሰው ይገድላል አሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ አስታውሰው፣ ከገዳዮቹ አንዱ ኢንፌክሽን መሆኑን ጨመሩ። ሆስፒታሉ ለሕፃኗ ደም መቅዳቱም አንቲባዮቲክ መስጠቱም ልክ ነው አሉ። ቃላቸው ቢከብደኝም ይህን ክፍል አልተቃወምኩም፤ ዛሬም አልቃወምም።

መልስ 3 እና 4 የደስታ መልእክቶች ናቸው። አንዷ ስሟ ማን ተባለ ብላ ጠየቀች። ገና ነው፤ ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያን ጊዜ ይደርሳል።

መልስ 5። ከሁሉም ረጅሙ ነው። የጻፈው የሰመመን ባለሙያ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ በሕክምናው ዓለም ጎልቶ የወጣው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት መጽሔት ላይ በታተመ ጽሑፍ ነው አለ። በ1997 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለዱ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ፤ ኤፒዱራል ከወሰዱት 14.5 በመቶውን ሲያተኩሳቸው ካልወሰዱት ያተኮሳቸው 1 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱን ሲያስረዳ ከድሮው አስተሳሰብ ነው የተነሣው። ምጥ የያዛት ሴት ታለከልካለች፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በዚህ ነው። ሕመሙ ሲቆም ማለክለኩ ይቀራል፤ መርፌው በያዘው የሰውነት ክፍል ላቡም ይደርቃል። ምጡ ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን አላቆመም፤ ሙቀቱም ይጠራቀማል። ይህ የእውነቱ ግማሽ ነው አለ። ዛሬ ሚዛን የሚደፋው ያለ ጀርም የሚመጣ የሰውነት መቆጣት ነው። ደማቸው ሲመረመር ኢንተርሉኪን 6 የሚባለው የመቆጣት ምልክት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ማደንዘዣው መድኃኒት ራሱ ሴሎችን ሳያስቆጣ አይቀርም የሚል ጥርጣሬም አለ። ፓራሲታሞል አስቀድሞ ቢሰጥም አላስቀረውም። ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ተሞክሮ ትኩሳቱን ቀነሰው፤ ግን በሕፃናቱ ደም ውስጥ ባክቴሪያ በብዛት ስለተገኘ መከላከያ ሊሆን አልቻለም።

ወደ ባናው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መንቀጥቀጥ በራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ በዚያ ላይ ወፍራም ልብስ ቢደረብ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ሆኖም ባና ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ ደም ውስጥ ኢንተርሉኪን አይጨምርም አለ። ይህን ለእናቴ ሳነብላት ኢንተርሉኪን ምንድን ነው አለችኝ። ሰውነት ሲቆጣ የሚልከው መልእክተኛ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልተጽናናችም።

መልስ 6። አንድ ተማሪ በትሕትና ጣልቃ ገባ። ኤፒዱራል የሚጠይቁት ምጣቸው የረዘመባቸውና ሕመሙ የጠናባቸው ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ያለ መርፌውም ሊያተኩሳቸው ይችላል፤ ታዲያ የ1997ቱ ቁጥር ትክክለኛ ንጽጽር ነው ወይ አለ። እኔ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር።

መልስ 7። የሰመመን ባለሙያው ጥያቄውን አመስግኖ፣ በኋላ እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያጠኑ ሥራዎችም ያንኑ እንዳገኙ ጻፈ። በዕጣ ሲመደቡ ማን መረጠ ማን አልመረጠ የሚለው ይወድቃል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

መልስ 8 እና 9 ላይ ነገሩ ጋለ። ሐኪሙ ተመልሰው በ1999 (እ.ኤ.አ.) የእንግዴ ልጅን የመረመረ ጥናት አነሡ፤ ትኩሳቱ የታየው የእንግዴ ልጃቸው ተቆጥቶ በተገኘባቸው እናቶች ላይ ነበር፤ ስለዚህ መርፌውን ከመውቀስ በፊት የእንግዴ ልጁን ተመልከት አሉ። የሰመመን ባለሙያው መቆጣትና ጀርም አንድ አይደሉም ሲል መለሰ። በ2011 የእንግዴ ልጅን በጀርም ምርመራ ያየ ሌላ ጥናት፣ ኢንፌክሽኑ ኤፒዱራል በወሰዱትም ባልወሰዱትም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ትኩሳቱ በወሰዱት ላይ በብዙ እጥፍ መብለጡን አሳይቷል አለ። አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ተሰጥቶም ትኩሳቱ አልቀረም፤ ሥሩ ጀርም ቢሆን ኖሮ መቅረት ነበረበት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች እዚህ ላይ አንተ ተባባሉ። መድረኩን ባላውቀው ኖሮ ተጣልተው ይቀራሉ እል ነበር።

መልስ 10። የመንዝ አዛውንት ናቸው፤ በልጃቸው እጅ ያስጻፉት ይመስላል። በጥር ፀሐይ ከመንዝ እስከ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ያቀፈው ሁሉ ምች አለበት፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ቢሸታትና ቢቀባላት ኖሮ ይበርድላት ነበር አሉ። ውይይቱ ከተጀመረ ወዲህ እናቴ የተስማማችበት መልስ ይህ ብቻ ነው።

መልስ 11 የአዋላጇ ነው። አዛውንቱን አባቴ ብላ ጠርታ፣ ዳማ ከሴውን ማሽተት ጉዳት እንደሌለው፣ ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት ስታተኩስ ምች ነው ተብሎ የሚባክን ሰዓት እንደሚያስፈራት ጻፈች። እንዲህ ለስለስ ብላ ማረሟን ወደድኩላት።

መልስ 12፣ 13 እና 14 ስለ ባና ሆኑ። እውነተኛው ባና ከመንዝ በግ ጠጉር በሴቶች እጅ ተፈትሎ በወንዶች የሚሸመን ነው አለ አንዱ። ሌላው የዛሬው ሁሉ ቅልቅል ነው አለ። ሦስተኛዋ የደብረ ብርሃኑን ብርድ ልብስ ፋብሪካ አንሥታ አያቷ ከየትኛውም ብርድ ልብስ ባናን ይመርጡ እንደነበር አወራች። ወደ ጥያቄዬ እንድትመልሱኝ ስል ለመንኳቸው።

መልስ 15። ይህን ማንበብ ከበደኝ። ጸሐፊው እናቶቻችን ነዶ ተሸክመው ማሳ ላይ ሲወልዱ ማንም ወገባቸውን አልወጋቸውም፤ ለሔዋን የተነገረውን ጭንቅ በመርፌ መሸሽ ድፍረት ነው፤ ትኩሳቱም ዋጋው ነው አሉ። እህቴንም ልፍስፍስ ብለዋታል። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ሐሙስ ጠዋት የጀመራት ምጥ ሐሙስ ማታ የአልጋውን ብረት አስይዟት ነበር። ማርያም ማርያም እያለች ድምጿ ተዘግቶ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከመርፌው በኋላ እጄን ለቀቀችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጠየቀችኝ። ከዚያች ደቂቃ የሚበልጥ ምሕረት በዓይኔ አላየሁም፤ ትኩሳቱን ባውቅም እንኳ ውሰጂው እላት ነበር።

መልስ 16። ከዓለም ከተማ በኩል የመጣች ሴት ጻፈች። ብዙ ቀን መልስ ሳነብ ብቻዬን ያለቀስኩት በዚህ ነው። እሷ መርፌም አላየችም። የሽርት ውኃዋ ፈሶ ምጡ ሳይመጣ ሁለት ቀን ቤቷ ቆየች። በሦስተኛው ቀን አተኮሳት፤ ሽታውም ተለወጠ። ቤተሰቡ ግማሹ ምች፣ ግማሹ ዓይነ ጥላ አለ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አደረሷት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ለ15ኛው ሰው ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጭንቁን እንዳየችው፣ ያስተማራትም ነገር እንደሌለ። ለሐኪሙ ደግሞ እርስዎ ልክ ነዎት አለቻቸው፤ ከእኔ ጋር ግን እንዳይምታታብዎ፣ የዚች ልጅ እህት ሐኪም ፊት ሆና ነው ያተኮሳት አለች። 15ኛውን የጻፉት ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሱም።

መልስ 17። ገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሌላ አዋላጅ ናት። እኛ ጋ ኤፒዱራል የለም፤ ያለን እጃችን ነው አለች። ወገብ ማሸት፣ ለብ ባለ ጨርቅ መያዝ፣ እናት ወይም እህት አጠገቧ እንድትቆም ማድረግ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክር ጤነኛ እናት ከጠየቀች ኤፒዱራል ይሰጣት ማለቱን ታውቃለች፤ የማታውቀው መቼ መንዝና ጊሼ እንደሚደርስ ነው። ቀጥሎ ስለ መለካት ጻፈች፤ ይህ ለሁሉም ይጠቅማል። ሙቀት ቢያንስ በየአራት ሰዓቱ ይለካል፤ በ2020ው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ 37.5 ሲደርስ ነቅታችሁ ተመልከቱ የሚል መስመር አለ። በብብት ሲለካ ልብሱ ተገልጦ፣ ላቡ ተጠርጎ፣ ክንዱ ተገጥሞ መሆን አለበት፤ በአፍ ከሆነ ደግሞ ትኩስ ሻይ እንደጠጡ አይለካም። እኛ ጋ ምጥ የያዛት ሴት ገብስ አጥሚት ወይም ሻይ ፉት ሳትል እንደማትውል የምታውቅ ሰው ናት።

መልስ 18። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነው። ማሕፀን ውስጥ ያለ ሕፃን ሙቀት ከእናቱ ስለሚበልጥ፣ እናት 38.4 ስትሆን እሱ ከዚያ ያልፋል፤ የልብ ምቱም ይፈጥናል። ከፍ ላለ ትኩሳት የተጋለጡ ሕፃናት አንዳንዴ ዝልፍልፍ ብለው ይወለዳሉ፤ የመተንፈስ እገዛ የሚሹም አሉ። ትኩሳቱ ከመርፌው ይሁን ከጀርም ሲወለድ ፊቱን አይቶ መለየት ስለማይቻል ደም ተቀድቶ ውጤቱ እስኪታወቅ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ያዘነው በመለያየታቸው ነው። ሕፃኗ ደህና ጠብታ ከነበር እናቷ ጎን ሆና መድኃኒቷን መውሰድ ትችል ነበር ይላል፤ ቢያንስ እናትየው በየሦስት ሰዓቱ እየገባች እንድታጠባ መደረግ ነበረበት። ይህን እህቴ ራሷ አነበበችው። ምንም አላለችም፤ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

መልስ 19 እና 20። አንዲት እናት በ2020 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት ኤፒዱራልን ከኦቲዝም ጋር ያያይዛል ብላ ደንግጣ ጻፈች። ተማሪው ፈጥኖ ደረሰላት። ያ ጥናት በባለሙያ ማኅበራት ክፉኛ ተተችቷል፤ በ2021 ዴንማርክ ውስጥ እጅግ ብዙ ልጆችን ያየ ጥናት ግንኙነት አላገኘም አለ። ከዚህ በላይ ውይይቱ በዚያ አቅጣጫ እንዳይሄድ ጠየቀ፤ እኔም ጠይቄያለሁ፤ አራስ ሴት የምታነበው ውይይት ነውና።

መልስ 21። ከሸዋ ሮቢት የጻፈ ወንድም ነው። ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፤ እኛ ጋ ግን ሌሊቱም ይጋግራል፤ ቆላ የምትወልድ ሴት ትኩሳቷ ይብሳል ማለት ነው ወይ አለ። የመጀመሪያዋ አዋላጅ በአጭሩ መለሰችለት፦ ክፍሉን ማናፈስና ውኃ ማጠጣት ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ከውስጥ ስለሚመጣ መስኮት በመክፈት ብቻ አይጠፋም።

መልስ 22። ሐኪሙ ናቸው። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ክርክሩን ትተው የእህቴን ሙቀት ሰዓት በሰዓት እንዳስቀምጥ ጠየቁኝ፤ ባናው መቼ እንደለበሰችና መቼ እንደወለቀም ጭምር። ለካ ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔም አላሰብኩትም።

የመውጫ ወረቀቷን ከሻንጣው አወጣሁ። ቁጥሮቹን ከዚያ ገለበጥኩ፤ የባናውን ሰዓት ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን አስታወስን። መርፌው የገባው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ 36.8 ነበረች። መንቀጥቀጡ ወዲያው መጣ፤ ባናውን ለበሰች። 5 ሰዓት ላይ ሞቀኝ ብላ ራሷ ገፈፈችው፤ እናቴ አጥፋ አልጋው ግርጌ አስቀመጠችው። እስኪነጋ አልነካነውም። ሌሊት 6 ሰዓት 37.3፣ 8 ሰዓት 37.9፣ 9 ሰዓት 38.4። ነርሷ ገብታ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው፤ ያየችውም የታጠፈ ባና ነው። 11 ሰዓት ላይ ወለደች። ረፋዱ ላይ 37.1 ሆናለች።

ይህን እየጻፍኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። ባናው ከወለቀ በኋላ ነው ትኩሳቱ የወጣው።

መልስ 23። ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው አከታትለው ጻፉ፤ መድረኩ በስሕተት አንድ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። የሰመመን ባለሙያው የኤፒዱራል ትኩሳት መንገዱ ይኸው ነው አለ፤ ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከወለደች በኋላ መውረድ። ሐኪሙ በዚህ ተስማምተው፣ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም ይህን በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችል ጻፉ፤ ያ ሌሊት ቢደገም ደሙን አሁንም እቀዳለሁ አሉ። በአንዱ ግን ሆስፒታሉን አልማሩም። ኤፒዱራል ሲሰጥ ሊያንቀጠቅጥሽ ይችላል፣ ቆይቶ ሊያተኩስሽ ይችላል፣ ካተኮሰሽ ሕፃኑን እንመረምራለን የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ለእናትየውም ለአስታማሚዋም መነገር ነበረባቸው አሉ። እናትዎንም እኔን ወክለው ይቅርታ ይጠይቁልኝ ብለዋል፤ ያላጠፉትን።

ማታውኑ ቁጥሮቹን ለእናቴ አነበብኩላት። የ5 ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ታዲያ ገፋው ነበር ማለት ነው አለች። አዎ እማዬ፣ ገፋው ነበር አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ፣ ከመጣን ጀምሮ በር ኋላ ጠቅልላ የወሸቀችውን ባና አወጣች፤ አራገፈችውና አጥፋ እህቴ እግር ላይ ጣል አደረገችው። ውጭ ውርጩ ጀምሮ ነበር።